አንድ ሰው በአንድ ጊዜ፣ አንድ ጉዳይ በአንድ ጊዜ፦ ከሰበካ ጉባኤ ተሞክሮዬ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀመንበር ሆኜ ከተመረጥኩ ወዲህ፣ በሌሎች አጥቢያዎች የሚያገለግሉ ወዳጆቼ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ስብሰባውን እንዴት አረጋጋችሁት?» ይሉኛል። የሚጠይቁት መከራውን ስለሚያውቁት ነው። አንዱ ስለ ሱቅ ኪራይ ሲያነሳ ሌላው ስለ መቃብር ቦታ ይመልስለታል። ሦስት አራት ሰው እኩል ይናገራል፤ ጠረጴዛ ይደበደባል፤ አንድ ሰው «ከእንግዲህ እኔን አትጥሩኝ» ብሎ በር ወርውሮ ይወጣል። ሲመሽ «በይደር ይቆይ» ተብሎ አባታችን ሆይ ይደገማል፤ በሚቀጥለው ወር ያው ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። የእኛም እንደዚያው ነበር። የደብሩን ስም የማልጠቅሰው በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዛሬም አብረውኝ የሚያስቀድሱ፣ የማከብራቸው ወንድሞችና እኅቶች ስለሆኑ ነው።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚጮኽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠብ ፈልጎ አይደለም። ጉዳዩ የትና መቼ እንደሚታይለት አያውቅም። ዛሬ የተወሰነው ነገ ይጽና አይጽና እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ አሁን፣ እዚሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካልተናገረ የሚቀርበት ይመስለዋል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ለዚያ ሰው ቦታና ቀን ለመስጠት ያደረግነው ነው።

ደንቡን አንብቦ መግባት

አዲስ ተመራጭ መጀመሪያ የሚገጥመው ሁሉም ሰው በልማድ መናገሩ ነው። «እዚህ ደብር እንዲህ አይሠራም»፤ «ድሮ በእነ እገሌ ጊዜ እንዲህ ነበር»፤ «ይኼ የካህናት ጉዳይ ነው፣ ምእመን አያገባውም»። አንዱ ልማድ ሌላውን ልማድ ሊረታው ስለማይችል ክርክሩ ማብቂያ ያጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የሰበካ ጉባኤን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲን፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት መሆኑ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ሊቀመንበር መሆናቸው፣ ምርጫው በየሦስት ዓመቱ መካሄዱ እዚያ ሰፍሯል። ምእመን የሚያገባው የት ድረስ እንደሆነ፣ የማያገባው የት ላይ እንደሆነ ከዚያ መረዳት ይቻላል።

ይህ ደንብ የወጣው በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን የመሬት ገቢ አጣች። በየአጥቢያው ካህኑ ከመቅደሱ እንዳይለይ ያደረገው ምእመኑ በሰበካ ጉባኤ ተመዝግቦ ያዋጣው ገንዘብ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፣ ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አፅማቸው ተፈልጎ ወጥቶ፣ እሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ። ጎፋ ያለው በእኛው ክፍለ ከተማ ነው። ከእኛ ደብር በታክሲ የሚደረስበት ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከአባላቱ ግማሾቹ እዚያ ተሳልመው የሚመለሱ ነበሩ፣ የምንሰበሰብበትን ጉባኤ ያቋቋሙት አባት እዚያ እንዳረፉ ግን አብዛኛው አላስተዋለውም ነበር። የወንበሩ ክብደት ለብዙዎቻችን የተሰማን ያን ቀን ይመስለኛል።

ደንቡን ለየአባሉ አስባዝተን አደልን። አንድ አረጋዊ ካህን መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉና ገጽ ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ያዙ። ስብሰባው ወደ ሌላ ነገር ካለፈም በኋላ እሳቸው ያነቡ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «እንዲህ አይደረግም» ሲል «የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት መሆኑ ቀረ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁትም እኚሁ አባት ናቸው።

አስተዳዳሪውን አስቀድሞ ማነጋገር

ምክትሉ ምእመን ነው፤ ሊቀመንበሩ ካህን ናቸው። ይህን የዘነጋ ምክትል፣ የፈለገውን ያህል ቅን ቢሆን፣ ስብሰባውን ሁለት ራስ ያደርገዋል። በጉባኤ መካከል አባትን መሞገት ለአንድ ወገን ሥነ ሥርዓት ማስከበር ይመስላል፤ ለሌላው ወገን ግን ድፍረት ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ነገር ሁሉ በዚያ ይበላሻል።

እኔ የማደርገው ከስብሰባው በፊት ባለው ሳምንት ቢሯቸው ሄጄ መስቀል ተሳልሜ መቀመጥ ነው። አጀንዳውን አንድ በአንድ እናያለን። «አባታችን፣ ይኼኛው ላይ ነገሩ ሊከር ይችላል፤ እርስዎ ሐሳብዎን መጨረሻ ላይ ቢሰጡን ሰው ተዝናንቶ ይናገራል» እላቸዋለሁ። እሳቸውም የማይስማሙበትን እዚያው ይነግሩኛል። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይኼን ጉዳይ አሁን አታቅርበው፣ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ነው» አሉኝ። እኔ የማላውቀው ነገር ነበር፤ ወደ ሌላ ወር አሸጋገርነው። ጸሎት የሚከፍቱትና የሚዘጉት፣ ጉባኤውንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የንግግር ተራ መያዝና ሰዓት መጠበቅ ግን የእኔ ሥራ እንዲሆን ተስማምተናል። ይህን ስምምነት በመጀመሪያው ስብሰባ ራሳቸው ለአባላቱ ተናገሩ። እኔ ብናገረው ኖሮ ሌላ ትርጉም ይሰጠው ነበር።

የሚጮኸው ማን ነው፣ ለምን?

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም አካባቢያችንን የማያውቅ ሰው የስብሰባችንን ጭቅጭቅ ሊረዳው አይችልም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለፉት ሃያ ዓመታት መልኩን የቀየረ ሰፈር ነው። ላፍቶ፣ ለቡ፣ መካኒሳ፣ ጀሞ፣ ትላንት እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ በፎቅ ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብቻውን ከመሀል ከተማ ስንት ቤተሰብ እንዳመጣ ለማወቅ የሰንበት ቅዳሴ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል፤ ነጠላው ከግቢው ተርፎ አስፋልት ላይ ይዘረጋል። እነዚህ ሰዎች ከየነበሩበት አጥቢያ የለመዱትን አሠራር ይዘው መጥተዋል። ሒሳብ የሚያውቁ፣ ኦዲት የሚሠሩ፣ መሐንዲሶች አሉባቸው። ሪፖርት ይጠይቃሉ፤ ደረሰኝ ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ በቆርቆሮ ሳለ ጀምሮ የነበሩ፣ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ጠላና ዳቦ እያዘጋጁ ሠራተኛ ያበሉ ነባሮች አሉ። ሪፖርት ሲጠየቁ «ሌባ ተባልን» ብለው ይረዱታል።

በስብሰባ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጡት ከነባሮቹ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ቡና ተፈላ። ስለ ስብሰባው ምንም ሳላነሳ እሳቸው ጀመሩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ ፎቶግራፍ አሳዩኝ፤ ሰዎች በሰልፍ ቆመው ድንጋይ ሲቀባበሉ የተነሳ ነው። ከሰልፉ መካከል ቀጭኗን ወጣት በጣታቸው ነኩና «ይቺ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም በፎቶው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፣ ከአጥሩ ጥግ ተቀብረዋል። «አሁን የመጡት ልጆች መቃብሩን እናፍልስ፣ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሁን ይላሉ። እኔ ለማን ልናገር ልጄ? ስናገር ሰዓት አለቀ ይሉኛል» አሉ። መኪና ማቆሚያ የሚለው ሐሳብ በወቅቱ እንደ ዋዛ የተሰነዘረ፣ በአጀንዳ እንኳ ያልተያዘ ነበር። ለእሳቸው ግን የእያንዳንዱ ስብሰባ ጉዳይ እሱ ነበር። ስለ ሻማ ዋጋም ሲወራ፣ ስለ ጥበቃ ደሞዝም ሲወራ የሚቆጡት ስለ መቃብሩ ነው።

እዚህ ላይ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ብዙ ረድቶኛል። በኢየሩሳሌም የነበሩት ግሪክኛ ተናጋሪ ምእመናን መበለቶቻቸው ከዕለት ማዕዱ እየተዘነጉ ስለሆነ አንጎራጎሩ። ሐዋርያት አንጎራጓሪዎቹን አልገሠጹም፤ ችግሩ የለም ብለውም አልካዱም። ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱ ስም ሲነበብ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ፣ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እንደሚመስለኝ ሥራው የተሰጠው ከቅሬታው ወገን ለሆኑት ነው። እኛም የመካነ መቃብሩን ጉዳይ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ስናቋቁም እኚያን እናት አስገባናቸው፤ ከአዲሶቹ ደግሞ ስለ ቦታ እጥረት አጥብቆ ይናገር የነበረውን መሐንዲስ። ሁለቱ አብረው ግቢውን ዞሩ። እሳቸው እያንዳንዱ መቃብር የማን እንደሆነ ይናገራሉ፣ እሱ በወረቀት ላይ ንድፍ ይይዛል። ንዑስ ኮሚቴው ሥራውን ገና አልጨረሰም። የዋናው ስብሰባ ጩኸት ግን ከዚያ ወር ጀምሮ በግልጽ ቀነሰ።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን ማስቀረት

የማንኛውንም የሰበካ ጉባኤ አጀንዳ ብትመለከቱ የመጨረሻው ተራ «ልዩ ልዩ» ነው። የድሮ ቃለ ጉባኤዎቻችንን ስመረምር ጠብ የተነሳባቸው ስብሰባዎች አብዛኞቹ የፈነዱት እዚያ ላይ ነው። ሰው ደክሟል፤ ግማሹ ለመውጣት ነጠላውን እያስተካከለ ነው። በዚህ ጊዜ ማንም ያልተዘጋጀበት ከባድ ነገር ይነሳል። አንሺው ሆን ብሎ ያደርገዋል ማለቴ አይደለም፤ ሌላ በር ስላልተከፈተለት ነው።

እኛ ያደረግነው ይኸን ነው። ጉዳይ ያለው ማንም ምእመን ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ለደብሩ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ጽፎ ይሰጣል። መጻፍ የማይችል ለጸሐፊው በቃል ይነግራል፣ ጸሐፊው ይጽፍለታል። ያልደረሰ ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩም ለባለጉዳዩ ይነገረዋል። አጀንዳው ከአራት አይበልጥም፤ ከባዱ መጀመሪያ ይቀርባል። ቁጥር መስጠቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰውየው ግን ተራው እንደሚደርስ አውቆ ይቀመጣል።

የንግግር ተራ

በዚህ ነገር ከእኛ በፊት የተቸገረ አለ። እ.ኤ.አ. በ1863 ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲስ በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ከተማ በአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተጠራ ስብሰባ እንዲመራ ድንገት ተጠየቀ። እንዴት እንደሚመራ አያውቅም ነበር፤ ስብሰባው ከእጁ ወጣ። ሮበርት ያፈረበትን ነገር ትቶ አልሄደም። ለዓመታት አጠናና በ1876 የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መጽሐፉን አሳተመ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ደንብ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው። ከእሱ የወሰድነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ጉዳይ ሳይቋጭ ሌላ አይነሳም፤ ያልተናገረ ሰው እያለ አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ አይናገርም።

ሁለቱም ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደሉም። የዕድር ዳኛ ያለ ተራው የተናገረን ይቀጣል፤ የዘገየ ይቀጣል፤ ማንም አይከፋውም። ታዲያ በዕድር ድንኳን ሥር ተራውን ጠብቆ የሚናገር ሰው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲገባ ለምን ይጮኻል? በዕድሩ ደንቡን ያውቀዋል፣ ሲገባም ፈርሞበታል፤ ቅጣቱም ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው። ከዚህ ተነስተን የራሳችንን የስብሰባ ደንብ በአንድ ገጽ ጽፈን አባላቱ ሁሉ ፈረሙበት። የገንዘብ ቅጣት አላስገባንም። ሥራው አገልግሎት ስለሆነ ተገቢ አልመሰለንም፤ በዚህ ከእኔ ጋር የማይስማሙ አሉ።

ማን ይጀምር የሚለው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣ ነገር ነው። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ታናሹ ተቃራኒ ሐሳብ ቢኖረው እንኳ «አባቶች እንዳሉት ነው» ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ ግቢው በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። የቀድሞዎቹ ነገሥታት ሸንጎ ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው በንጉሡ ሸንጎ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከታናሹ ሹም ነው፤ ማዕረጉ ከፍ እያለ ሄዶ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ይሰማል። እኛም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ተወካይ ወጣቶች መጀመሪያ አናገርን፤ ቀጥሎ እኅቶችን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ምእመናን፣ በመጨረሻ ካህናቱንና አስተዳዳሪውን። በመጀመሪያው ወር አንዲት ወጣት እጇ እየተንቀጠቀጠ የያዘችውን ወረቀት አነበበች። ዛሬ ያለ ወረቀት ትናገራለች። አባቶችም የሚናገሩት የሁሉንም ሐሳብ ሰምተው ስለሆነ ቃላቸው የበለጠ ይደመጣል።

ቃለ ጉባኤው እዚያው ተነብቦ እዚያው ይፈረም

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይኸን ነው።

ድሮ ጸሐፊው በማስታወሻ ይዞ ይሄዳል፤ በወሩ ሲነበብ «እኔ እንዲህ አላልኩም»፣ «ይኼ አልተወሰነም» እየተባለ አዲሱ ስብሰባ በአሮጌው ያልቃል። «በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» የሚለው ጩኸትም ከዚህ የመጣ ነው፤ ሰው ቃሉ እንደሚጠፋ ያውቃል። አሁን እያንዳንዱ ጉዳይ ሲቋጭ ጸሐፊው እዚያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይፈጽመዋል፣ እስከ መቼ። ከተስማማን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። የልዩነት ሐሳብ ያለው ሰው ስሙና ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍለታል። ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ሁሉም ይፈርማል።

በአጥሩ ዙሪያ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሱቆች ኪራይ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ያልተቋጨ ነገር ነበር። ተከራዮቹ የቆዩ ናቸው፤ ኪራያቸው ከአካባቢው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ከተከራዮቹ ጋር ዝምድና አላቸው። የተነሳ ቀን ሁሉ ይፈነዳል። በአዲሱ አሠራር ባነሳነው ቀን መጀመሪያ የጻፍነው ውሳኔ ስለ ዋጋ አልነበረም። «ከተከራይ ጋር ዝምድና ያለው አባል በዚህ ጉዳይ ሐሳብ ይሰጣል፣ ድምፅ አይሰጥም» የሚል ነበር። ተነበበ፤ ሁሉም ፈረመ። ሁለተኛው «ሁለት አባላት በዙሪያው ያሉ ሱቆችን ኪራይ ጠይቀው በጽሑፍ ያቀርባሉ» የሚል ነው። ያም ተነብቦ ተፈረመ። ዋጋው የተወሰነው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ሁለት ሰዎች ተቃወሙ፣ ተቃውሟቸው ተጻፈ። ከተቃወሙት አንዱ ፊርማውን ሲያኖር «ሐሳቤ እስከተጻፈ ድረስ ውሳኔውን እኔም አስፈጽማለሁ» አለ። ተከራዮቹን ሄዶ ያነጋገራቸውም እሱ ራሱ ሆነ።

ሳይጠየቁ ሒሳብ ማሳየት

ገንዘብ የሚነካ ነገር ሁሉ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ለአባላት ይደርሳል። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው፤ ካህን፣ ምእመንና ወጣት ባሉበት ይቆጠራል። ቆጠራው ላይ ያልተገኘ ሰው አዳራሹ ውስጥ የሚናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ይናገራል፤ ስለዚህ አጥብቀው የሚጠራጠሩትን ሰዎች በየተራ ለቆጠራ መጥራት ጀመርን። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ የ10፣ የ50፣ የ100፣ የ200 ብሩ ተለይቶ ይደረደራል። ሳንቲሙ ለብቻ ነው። በመካከሉ የጸሎት ስም የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ይወጣሉ፤ አንዳንዴም በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ቀለበት ይገኛል። ይህን በእጁ የለየ ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነው። ድምሩ እዚያው በደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ የተገኙት ይፈርማሉ።

ቀንና ሰዓት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሰብሰብ ትተናል። ማኅሌት ቆመው ያደሩ ካህናት ከሌሊት ጀምሮ በእግራቸው ናቸው፤ ክርስትና አለ፣ ፍትሐት አለ፣ ቀብር አለ። የቆረበ ሰው ደግሞ ወደ ክርክር መግባት የለበትም። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የደብሩ ወርኃዊ በዓል ከዋለ ይሸጋገራል። ከሁለት ሰዓት አይበልጥም።

በእግዚአብሔር ስም ማፈን አይገባም

ይህን በጥንቃቄ እጽፋለሁ፤ ግን መጻፍ አለብኝ። ክርክር ሲጠነክር አንዳንድ ሰው ግዝት ያነሳል፤ አንዳንዱ ጥቅስ ይመዝዛል፤ አንዳንዱ «ይኼን የሚቃወም ታቦቱን ይቃወማል» ይላል። ስብሰባው ወዲያው ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ግን ሰላም አይደለም። ሰው ፈርቶ ዝም ይላል፤ ከዚያ አሥራቱን ያቆማል ወይም አጥቢያ ይቀይራል። እንዲህ ሄደው የቀሩብን ሰዎች አሉ፤ እስካሁን ያሳዝነኛል። የጥበቃ ደሞዝና የውኃ ታንከር ዋጋ በግዝት የሚወሰን ነገር አይደለም። አስተዳዳሪያችን ይህን ከእኔ በተሻለ ቋንቋ ተናግረውታል፤ «ግዝት ለነፍስ ነው፣ ለአጀንዳ አይደለም» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም።

አንድ ሰው ብቻ ሲያስቸግር

ሁሉም ነገር መስመር ከያዘ በኋላም አንድ ሰው ሊቀር ይችላል። በጉባኤ ፊት አትምከሩት። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የሚያዝዘው ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ለጉባኤው መንገር መጨረሻ ነው። እኛን ካስቸገረው ሰው ጋር በነፍስ አባቱና በአንድ የጋራ ወዳጅ በኩል ተነጋግረን ተስማምተናል። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የእሱ ነው።

ለሚተካን ሰው

ምርጫ በየሦስት ዓመቱ ስለሆነ ይህ ሁሉ በሰው ላይ ከቆመ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ብዙ ደብር ውስጥ አዲሱ ተመራጭ የሚረከበው ማኅተምና የቁልፍ ዘለላ ብቻ ነው፤ ያለፈው ጉባኤ ምን ወስኖ ምን እንዳልፈጸመ የሚነግረው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወር የምንጀምረው ባለፉት ወራት ተወስነው ያልተፈጸሙትን በማንበብ ነው፤ ዝርዝሩም በአንድ መዝገብ ይያዛል። ከመዝገቡ ጋር ገጻቸው የተቆጠረ ቃለ ጉባኤዎች፣ የሱቆቹ ውል፣ የፈረምንበት የስብሰባ ደንብና ወረፋ የሚጠብቁ ጉዳዮች ከነቁጥራቸው ለሚተካን ይተላለፋሉ።

በአሁኑ ጊዜ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው የመቃብር ቦታው ነው። መሐንዲሱ ንድፉን ጨርሷል፤ እኚያ እናት ያልተለዩ መቃብሮች ላይ የቤተሰብ ስም እያስሞሉ ነው። ሐሳቡ የቆዩትን አፅሞች በየቤተሰቡ ፈቃድ በአንድ ፉካ ማሰባሰብ ነው፤ በዚህ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ መስማማት አለበት፣ ሁሉንም ገና አላገኘናቸውም። አንዳንዶቹ ሰፈር ለቀው ሄደዋል፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ ሰው በቅዳሴ ማብቂያ በማስታወቂያ እየተጠየቀ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያው አጀንዳ ይኸው ነው።